«ጥቁር ከሆነ እሱ ነው»

ከድር ትናንት ጠዋት ከተኩስ ክበቡ ታገደ።

ከድር የወሎ ልጅ ነው፤ እዚህ በስደት አገር የሚኖረው ክሪስታል የምትባል ከተማ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ሺፍት እንሠራለን። በዕድሜ ስለምበልጠው «ጋሼ» ይበለኝ እንጂ አንተ ነው የሚለኝ። አገር ቤት ጋዜጠኛ ስለነበርኩ ከኢሚግሬሽን እስከ ጥርስ ሐኪም የማስተረጉምለት እኔ ነኝ።

አብሮን የሚሠራ ዋልተር የሚባል ሽማግሌ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ያለ ሜዳ እየሄደ በድሮ ዓይነት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ዒላማ ይተኩሳል። ይህ ሽጉጥ በቀለህ የተዘጋጀ ጥይት አይጎርስም። ባሩዱን በየጉድጓዱ እየሰፈርክ ትጨምራለህ፣ ከላይ ድቡልቡል አረር ትጭንበታለህ፣ ከኋላ ደግሞ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ታለብሰዋለህ። ከድር አንድ ቀን አብሮት ሄዶ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። የራሱን ሽጉጥ ገዛ፤ ክበቡም አባል አደረገው።

«ከሥራና ከቤት ሌላ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ አገኘሁ ጋሼ» ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ዋልተር ስለ አሞላሉ አስረዳው። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

«በመስፈሪያ ስፈር፣ በዓይንህ አትገምት። ባሩድ ስላበዛህ የተሻለ አትመታም፤ እንዲያውም ቀነስ ያለው ነው ዒላማ የሚያገኘው። አረሩ ባሩዱ ላይ ጠበቅ ብሎ ይቀመጥ፣ መሀሉ ክፍት አይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብላክ ፓውደር ብቻ!»

«ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው የሚለው» አልኩት።

«ባሩድ ሁሉ ጥቁር አይደል እንዴ ጋሼ? ከሌላው በምን ይለያል?»

ዋልተር አጠገቤ ተቀምጦ ሳንድዊቹን እየበላ ነበር። ዞር ብዬ መጠየቅ እችል ነበር... አገር ቤት አዘጋጅ ሳለሁ፣ ሳይጠይቅ ገምቶ የጻፈ ሪፖርተር ሲመጣብኝ ጽሑፉን ፊቱ ላይ ነበር የምመልሰው።

«በቀለሙ ነዋ!» አልኩት።

ዓርብ ዕለት ፔጀሬ ጮኸ። መልሼ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ጎረቤቴ ባሩድ በብልቃጥ ሰጠኝ። ለአደን ጠመንጃው ጥይት የሚሞላበት ነው። ለእኔስ ይሆናል?»

«መልኩ ምን ይመስላል?»

«ጥቁር ነው። ልክ እንደ ከሰል።»

«ጥቁር ከሆነ እሱ ነው።»

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም በሜዳው ተገኘን። ከድር፣ ዋልተር እንዳስተማረው፣ በመስፈሪያው ልክ እየሰፈረ ሞላ። አረሩንም ጠበቅ አድርጎ አስቀመጠ። አንዲት የዘለላት ነገር አልነበረችም። ሲጨርስ ግን ራሱ አልተኮሰም። ታላቅ እያለ ታናሽ አይጀምርም ብሎ ሽጉጡን በሁለት እጁ ለሽማግሌው አቀረበለት።

«ጋሽ ዋልተር... ዩ ፈርስት።»

ዋልተር ሳቀ። «ጋሽ» የምትለዋን ቃል ይወዳታል። ተቀበለና ወደ ዒላማው አነጣጠረ።

ሜዳውን የምትቆጣጠረው ሴትዮ በኋላችን ስታልፍ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥ አየች። ጥቂት ባሩድ መዳፏ ላይ አፈሰሰችና በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ «ስቶፕ!» ብላ ጮኸች። የዋልተር ጣት ቃታው ላይ ነበር።

በብልቃጡ ያለው የዛሬ ዘመን ጭስ አልባ ባሩድ ነው። እሱም መልኩ ጥቁር ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ግን ሌላ ነው፤ በዚያው መስፈሪያ ተሰፍሮ እዚያ ሽጉጥ ውስጥ ከገባ ብረቱ አይችለውም፣ የያዘው ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። ብላክ ፓውደር የባሩድ ዓይነት ስም ነው እንጂ የቀለም ስም አይደለም። ይህን ሁሉ ሴትዮዋ ስትናገር ለከድር ያስተረጎምኩለት እኔው ነኝ።

ዋልተር አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞረ ሽጉጡን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ያይ ጀመር።

«ይሄን ባሩድ ተጠቀም ያለው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች ሴትዮዋ። ጥያቄዋን ለከድር ነገርኩት።

«ንገራት እንጂ ጋሼ። አንተን ጠይቄ እንዳመጣሁት ንገራት።»

ሴትዮዋ እኔን እያየች ትጠብቃለች። ዋልተርም ቀና ብሎ ያየኛል...

«ሂ ሴይስ ሂ ዲድንት ኖው» አልኳት፤ አላወቅኩም ነበር ይላል ማለቴ ነው።

ራሷን ነቀነቀች። «ኮሚቴው እስኪሰማው ድረስ ታግዷል» ብላ ብልቃጡን ይዛ ሄደች።

ስንመለስ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሆፕኪንስ ከተማ ስንደርስ ከድር ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ተናገረ።

«እንግሊዝኛው ብዙ አይገባኝም። ‹ዲድንት ኖው› የምትለዋ ግን ትገባኛለች። ፋብሪካ ከገባሁ ጀምሮ ስለ እኔ ሲወራ የምሰማው እሷን ነው።»

«ከድር፣ ደንግጬ እኮ ነው...»

«ልጄን ይዤ ብመጣ ይሻለኝ ነበር። አማርኛዋ ይሰባበራል እንጂ ከራሷ አትጨምርም። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ያውርዱኝ።»

ያውርዱኝ... አንተ ሲለኝ የኖረው ሰው፣ በአንድ ቀን እርስዎ አደረገኝ።

አወረድኩት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከክበቡ ተደወለልኝ። ኮሚቴው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተሰብስቦ ከድርን ይሰማል፤ ይባረር ወይስ ይመለስ የሚለውንም እዚያው ይወስናል። አስተርጓሚ ያስፈልግህ እንደሆነ ስም ስጠን ቢሉት፣ የእኔን ስም ሰጥቷቸዋል።