ማግኔት የያዘው የሀዋ ሲንክ

ዱባይ አጠገብ አጅማን፣ አል ጁርፍ ያለ የምግብ ቤት ዕቃ መሥሪያ ወርክሾፕ የገባሁ ቀን፣ ፎርማኑ ራፊቅ ሁለት ቁራጭ ላሜራ ሰጥቶኝ «የቱ ይሻላል?» አለኝ። ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። ማግኔት ሲያስጠጋ አንዱን ያዘ፣ ሌላውን አልያዘም። «ሁለቱም የማይዝጉ ናቸው» አለኝ በተሰባበረ አረብኛ። «ዝገቱን የሚከለክለው ክሮም ነው፤ እሱ ሁለቱም ውስጥ አለ። ማግኔት የያዘው ኒኬል ስለሌለው ነው።»

ይኼን ማግኔት የሚይዘውን ፌሪቲክ ይሉታል። እኔ ወደድኩት። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሙቀት ሲፈራረቅበት ቶሎ አይጣመምም። ለመደርደሪያ፣ ለግድግዳ መሸፈኛ፣ ለጭስ መሳቢያ ግሩም ነው። ጣጣው ብየዳ ላይ ነው፤ እሳቱ አንድ ቦታ ከቆየ መገጣጠሚያው ይሰባበራል። ራፊቅ ግን እጁ ይባረክ! እንደ እሱ ፈጥኖ፣ እንደ እሱ አጥርቶ የሚበይድ እስካሁን አላየሁም።

ሀዋ የወሎ ልጅ ናት። ዱባይ፣ ጁሜይራ ማዳም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ እዚያው ዱባይ ዲራ ላይ የራሷን ምግብ ቤት ልትከፍት ነበር። የወጥ ቤት ዕቃዋን እኛ ጋ አዘዘች፤ ወርክሾፑን ያሳየኋትም፣ ላሜራዋን የቆረጥኩትም እኔ ነኝ።

ልትረከብ ስትመጣ የፍሪጅ ማግኔት ይዛ መጣች። መደርደሪያው ላይ ጥብቅ ብሎ ተለጠፈ።

«ዋላሂ ተራ ብረት ነው! ያገሬ ልጅ ብዬ አምኜህ?»

ጥግ ላይ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከበሮ ነበረን። «እስኪ እዚህ ሞክሪው» አልኳት። ያዘ። «የማዳም ማሽን ከበሮው ዝጎ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!» ብላ ሳቀች።

ልቧ ረጋ። በየዕቃው ላይ እየለጠፈች ስትዞር ሲንኩ ጋ ደረሰች። እሱም ያዘ። «ይኼም እንደ ከበሮው ነዋ!» አለች ደስ ብሏት።

ክው አልኩ። ጨውና በረኪና ያለበት ውሃ ስለሚተኛበት ሲንኩ ኒኬል ካለው ላሜራ እንዲሆን ታዝዤ ነበር። ተሳስቼ የቆረጥኩት ከፌሪቲኩ ነው። አዎ ብላት ሌላ ጥያቄ አልነበራትም፤ ሲንኩ ግን ብዙም ሳይቆይ ነጠብጣብ እያወጣ ይበላባታል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ከሥራ የምባረር መሰለኝ። ፈራሁ።

«አይደለም እቴ» አልኳት። «ይኼን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንዳትረከቢው።»

ለራፊቅም ነገርኩት። ሲንኩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ሙሽኪላ የለም፣ ይስተካከላል። ያላ፣ አዲስ ላሜራ አውጣ» አለኝ። ብየዳውን ራሱ ሠራው። ሀዋ መክፈቻዋን በሦስት ቀን አራዘመች።

ፌሪቲክ በቦታው ከገባ ጥሩ ብረት ነው። ከመቁረጥህ በፊት ማግኔት አስጠጋ፤ ከተሳሳትክ ደግሞ ዕቃው ከወርክሾፕ ሳይወጣ ተናገር።