የእማማ ዘሃራ ፈቃድ

ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ በሰማሁ ቁጥር ከሚሴ፣ ከአውራ መንገዱ በላይ የነበሩት አምስት ተርታ ክፍሎች ይመጡብኛል። በአንደኛው ክፍል የመንገድ ሠራተኛው አባቴ፣ እናቴና እኔ፣ በሌሎቹም እንደ እኛው የቀን ሥራ ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች እንኖር ነበር። ክፍሎቹን ያሠሩት እማማ ዘሃራ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ፤ ጭቃውን በገዛ እግራቸው እንዳቦኩት ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ክረምት፣ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ተባለና ኪራያችንን ለቀበሌ መክፈል ጀመርን። እማማ ዘሃራ ከግቢው ጫፍ ባለችው ቤታቸው ብቻ ቀሩ፤ ሰላምታም ነሱን። እናቴ በተወሰደ ቤት ውስጥ መስገድ ከብዷት፣ ደጃቸው ድረስ ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች።

«ከወሰዳችሁ በኋላ ነው ፈቃድ?» ብለው በሩን ዘጉባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰላት ታጥባ ውዱእ አድርጋ፣ መስገጃዋን ይዛ ወጥታ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው ግራር ሥር ትሰግድ ነበር። አባቴ ያሾፍባት ነበር።

«ፋጤ፣ መንግሥት እኮ ፈቅዶልሻል!»

«መንግሥት ጭቃውን አላቦካም።»

«ታዲያ መተኛቱስ?»

«እሱን አላህ ችግሬን አይቶ ይምረኝ ይሆናል። ሰላቴ ተቀባይነት ቢያጣስ?»

በጋው፣ የከሚሴ ፀሐይ መሬቱን እያጋለው፣ በዚሁ አለፈ፤ በልጉም አለፈ። እማማ ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ ያዩዋት ነበር፤ እሷም ዳግመኛ አልጠየቀቻቸውም።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ በሚሰገደው የአስር ሰላት ላይ ዶፍ ወረደ። እናቴ ግንባሯን መሬት ላይ እንደደፋች አልተነሳችም። እኔ ከበሩ ሆኜ ስጣራ እማማ ዘሃራ ሻሻቸውን እንደጠመጠሙ ወጡና፣ ሰላቷን እስክትጨርስ አጠገቧ እየበሰበሱ ቆሙ።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ጭቃ ላይ ተደፍተሽ ነገ አላህ ፊት ልትከሺኝ ነው?»

«ኧረ አልከስም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ግቢ! ላንቺ ሐላል ብያለሁ። ለቀበሌው ግን ወላሂ አላልኩም!»

እናቴ እጃቸውን ስማ ገባች፤ ልብሷን ለውጣ፣ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሰላት ሲደርስ፣ በአልጋውና በምድጃው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ሰገደች። ስትጨርስ ግድግዳውን በመዳፏ ስትዳብሰው አየኋት።

ዛሬ ልጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የተከራየችውን ክፍል ባለቤት በስልክ እንጂ በመልክ አታውቀውም። እኔም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በስሜ ካርታ የወጣለት ሰፊ ቤት አለኝ። እናቴ ስሟ የተጻፈበት ቤት ሳይኖራት ነው የሞተችው፤ በዚያች ክፍል ትሰግድበት የነበረውን እርጋታ እንዲሰጠኝ ግን እኔ በገዛ ቤቴ ተቀምጬ እስካሁን አላህን እለምናለሁ።