ሎሚው የበላው ብረት

በግድግዳ በኩል ደረቅ ሳል ስሰማ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣብኝ የሎሚ ሽታ ነው።

ወታደሩ አባቴ ወደ ሐረር ሲቀየር፣ ጀጎል ውስጥ በፈላና በር በኩል ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራየን። የባልቴቷ ልጅ እኩያዬ ነበር። ሁለታችንም ትምህርት አቋርጠናል፤ እኔ አቅም አጥቼ፣ እሱ ደረቱን ታሞ። እናቱ ልጃቸውን የጎዳው ኩራዝ ላይ ተደፍቶ ማንበቡ ነው ብለው ያምኑ ነበር። መጽሐፎቹን ሰብስበው ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። እሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሳጥኑ እንዲከፈትለት።

«መጽሐፍ ያስተማረኝን መብራት በዓይኗ ካየች ትከፍታለች» አለኝ።

ለሳሉ ከማር ጋር እንዲጠጣው የተገዛውን ሎሚ አልጋው ላይ ደረደርን። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰንጥቄ የዚንክ ቅርፊቱን አወጣሁ። የመዳብ ቁርጥራጭ ከአንጥረኞች ለመንኩ። በየሎሚው ዚንክና መዳብ ሳናነካካ ሰካን፤ የአንዱን መዳብ ከሚቀጥለው ዚንክ በሽቦ አያያዝን። የሎሚው አሲድ ዚንኩን ይበላዋል፤ ዚንኩ ሲሟሟ የሚተዋቸው ኤሌክትሮኖች በሽቦው አድርገው ወደ መዳቡ ይሄዳሉ። ኃይሉ የሎሚው ይመስላል እንጂ እያለቀ የሚሄደው ዚንኩ ነው። ጓደኛዬ ይህን እያሳለ፣ እያረፈ፣ አንድም ሳያዛንፍ ነገረኝ።

ትንሿን የእጅ ባትሪ አምፖል አገናኘን። አልበራችም። ሎሚ ጨመርን፣ መስኮቱን ዘጋን፤ ክሯ እንኳ አልቀላም። ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ከሎሚ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ አምፖል ለማብራት እጅግ ቀጭን ነው። ያኔ ግን እሱ ሁለቱን ሽቦዎች ምላሱ ላይ አደረገ፤ ቆነጠጡት።

«አለ» አለኝ። «ለአምፖሏ አነሰ እንጂ አለ።»

እናቱ በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር።

«ይኸው ነው መጽሐፉ?» አሉ።

እሳቸው እህል ውሃ የማያባክኑ ሴት ነበሩ፤ ሎሚዎቹን እየሰበሰቡ ለማታው ማር ሊጨምቁለት ጀመሩ። ከትራሱ ቀና ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«ተዪው፣ እናቴ። ብረቱ ሟሙቶ ገብቶበታል፤ ያስታውከኛል።»

«ማን ነገረህ?»

«ያው የቆለፍሽበት መጽሐፍ ነዋ።»

አንዱን ዚንክ ነቅለው ወደ በሩ ብርሃን አወጡት። ጠቁሯል፣ እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል። የመዳብ ሳህኖቻቸውን በሎሚ የሚያጸዱ ሴት ነበሩና ማንም ሊያስረዳቸው አላስፈለገም። ሎሚውን አውጥተው ደፉት። ሲመለሱ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

ግን ረፍዶ ነበር። መጽሐፍ የሚይዝበት ጉልበት ስላልነበረው የማነብለት እኔ ሆንኩ። እናቱ ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር፤ ምን ያህሉ እንደሚገባቸው አልጠየቅኋቸውም። አንድ ቀን፣ የከሰዓት ፀሐይ የተለሰነውን ግድግዳ ስታነጣው፣ የትንፋሹ ድምፅ ጠፋብኝ። ማንበቤን አቆምኩ። እናቱ «ኢናሊላሂ» ብለው ዓይኖቹን ከደኑ፤ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞሩት። መጽሐፉን አጥፌ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ገጹን ጨርስለት፣ ልጄ» አሉኝ።