የሚያፏጨው መስኮት

ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የሐበሻ ሱቅ ቅመም ስገዛ ባለሱቋ፣ "መንገድህ ወደ ቫን ናይስ ከሆነ እኚህን እናት አድርስልኝ" አለችኝ። ነጠላ በስኒከር የለበሱ ሴት ናቸው፤ ስማቸውን አልጠየቅሁም። በመኪናዬ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌይ ስንገባ በእሳቸው በኩል ያለው መስኮት እንደ ልማዱ ማፏጨት ጀመረ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

"ሰው የሚጥለው እንዲህ በቀዳዳ የሚገባ ንፋስ ነው። ጋዝ ስቴሽን ስታገኝ አቁምልኝ።"

አንድ ነዳጅ ማደያ ገብቼ አቆምኩ። ከቦርሳቸው መቀስና ባንድ ወገኑ የሚጣበቅ ስፖንጅ አወጡ። የተላላጠውን የበሩን ጎማ በመሐረብ ጠርገው፣ ስፖንጁን እየቆረጡ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ ለጠፉት።

"የሰውን መኪና ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ሊፍት የሰጠኝን ሁሉ። ቤቴ እንደሆነ ዝም ያለ ነው። ወሬ የማገኘው መኪና ውስጥ ነው፤ እሱንም ንፋስ ይወስድብኛል።"

ፍሪዌይ ተመለስን። መኪናዋ ጭጭ አለች። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ወደ እኔ ዞሩ።

"አሁን ተደማመጥን። በል ንገረኝ፣ ለምንድነው ያላገባኸው?"

"በምን አወቁ?"

"እዚህ ወንበር ላይ ሚስት ብትቀመጥ ኖሮ ይሄ መስኮት ድሮ ይሠራ ነበር።"