ቆጣሪ አንባቢው የእናቱን ደም ሲያነብ

ካሳዬ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። የጎሮን ሰፈር ግቢ ለግቢ ያውቀዋል፤ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ ባልቴት «ትንሽ ቀንሰህ ጻፍልኝ» እያለች እንደምትለማመጥ ሁሉ። ቀንሶ ጽፎ ግን አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያነብ የተማረው አንድ ነገር ነው፦ ቁጥር ዝም ብሎ አይዘልም። በአንድ ወር ዘሎ ከተገኘ ወይ ድግስ ነበረ፣ ወይ ግንባታ፣ ወይ ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ።

የእናቱ የምንትዋብ ደም ግን አሸነፈው። የታይሮይድ እጢዋ ከሰነፈች አራት ዓመት ሆኗል። ሐኪሙ እንዳስረዳው፣ ቲ ኤስ ኤች የሚሉት ቁጥር ከአራት ካላለፈ ደኅና ነው፤ ሽቅብ ከወጣ ግን እጢዋ ለግማለች፣ በየማለዳው የምትውጠው ክኒንም አልደረሰላትም ማለት ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሦስት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሠላሳ ስምንት ገባና የክኒኑ መጠን ተጨመረ። ጥር ላይ ደግሞ ክኒኑ የበዛባት ይመስል ልቧ ይደልቅ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። አሁን በመጋቢት፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው ክሊኒክ የመጣው ወረቀት አርባ አንድ ይላል። ሐኪሙ ራሱ ግራ ገብቶት፣ እንዲህ ከፍ ዝቅ ማለቱ ከቀጠለ ልቧ አይችለውም አለ። ክኒኑን በደንብ ትወስድ እንደሆነ ሲጠይቃት መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር። እሱም አዎ ብሎ መዘገበ።

ቦሌ አራብሳ ቤታቸው ሲገቡ ካሳዬ የሦስት ዓመቱን ወረቀት ሁሉ አልጋው ላይ ደረደረው። እንደ ሥራ ልማዱም ጠየቀ፤ ቁጥሩ በዘለለበት ወር እዚህ ቤት ምን ነበር? ታኅሣሥ፣ የነቢያት ጾም። ዓምና ሚያዝያ፣ የሁዳዴ ማብቂያ። ዓምና ጥቅምት ረግቷል። መስከረም ረግቷል። ካቻምናም እንደዚያው። ዛሬ ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሷን ያወጣው ግን ደሟ ነው፦ ጾም በገባ ቁጥር ክኒኑን ትተዋለች።

ነደደው። ካሳዬ ጌታን ተቀብሎ ጸሎት ቤት መሄድ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ስለ ሃይማኖት አያወሩም፣ ለሰላም ሲሉ። አሁን ግን የንስሐ አባቷን ቁጥር ከስልኳ አወጣና ሊያፋጥጣቸው ደወለ። መድኃኒት ከልክለው እናቴን ሊገድሉብኝ ነው ወይ ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ አባ ፍስሃ ረጋ ብለው፣ መድኃኒት ጾም እንደማይሽር ገና ዱሮ እንደነገሯት፣ ዓምናም ዋጪ ብለው እንዳዘዟት አስረዱት። ምክንያቷን ከራሷ እንዲሰማ ነግረውት ተሰናበቱት። ካሳዬ አፈረ።

እናቱ ሳሎን ምስር እየለቀመች ነበር። ወረቀቶቹን እንደያዘ ፊቷ ቆሞ፣ ክኒኑን በጾም ለምን እንደምትተወው ጠየቃት። አልካደችም።

«ስለት ነው» አለች፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። «አንተ ወደ ሃይማኖትህ እስክትመለስ በጾም ክኒን አልነካም ብያለሁ።»

«አባ ፍስሃ እኮ ፈቅደውልሻል።»

«ቢፈቅዱ ምን ይገርማል? ልጁ የኔ እንጂ የሳቸው አይደለ።»

ካሳዬ ተቀመጠ። ስሙን ካሳዬ ያለችው ከሱ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራ ነው። ተመልሻለሁ ቢላት ዛሬውኑ እንደምትውጠው ያውቃል። ግን ያልሆነ ቁጥር መጻፍ የማይሆንለት ሰው፣ የገዛ እናቱን በእምነቱ ሊዋሻት? አልመለስም ማለቱም አቃተው፤ እንዳትሞትበት ፈራ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«እሺ፣ ስለቱን ለኔ ስጪኝ» አላት በመጨረሻ። «ከነገ ጀምሮ እኔ ልጹምልሽ፣ አንቺ ክኒንሽን ዋጪ።»

ሳቀች። እናንተ ደግሞ ምን ጾም ታውቃላችሁ አለችው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እህልም ውሃም ሳልቀምስ።»

እጇ ምስሩ ላይ ቀረ። ጎሮ ጥላ እንደሌለው፣ የመጋቢት ፀሐይም እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ልጇ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ እንደሚገባ ታውቃለች።

«ውሃም?»

«ውሃም።»

«ያን ሁሉ መንገድ ስትዞር ውለህ?»

ምንትዋብ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሳች። ማለዳ እንኳ እስኪሆን ሳትጠብቅ ክኒኑን ከቁም ሳጥኑ አወጣችና በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠችው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በቁጣ ወደሱ ዞረች።

«አንተ እንዳትጾም። ጨጓራ አለብህ።»

እሺ አላት፤ ዋሻት። በማግሥቱ ጎሮ ላይ፣ ሰው ቤት ሲገባ ውሃ ሲያቀርቡለት እግዜር ይስጥልኝ እያለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ቆጣሪ ሲያነብ ዋለ። እስከ ፋሲካም እንዲሁ። ለእናቱ አልነገራትም።