ቃለአብን አጅበን የሄድን ቀን

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የተማርኩት ማታ ማታ ነው፣ እሱንም አልጨረስኩት። መጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ግን የሺዓለም ራሷ ፊደል አታውቅም፣ ልጇም አይናገርም። እንደምንም ልሞክር ብዬ ነው።

የሺዓለም፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈራችን ሳይፈርስ በፊት፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት ትቸረችራለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ቃለአብ። ጢም ያወጣ ጎረምሳ ነው። ኦቲዝም አለበት። ድንቹን ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ እያደረገ ይደረድርላታል። ገዢ ሲያፈርስበት ዝም ብሎ እንደገና ይጀምራል። ሰው ሲበዛና ሲንጫጫ ግን አይችልም። ጆሮውን ይይዝና ራሱን ይመታል።

አንድ ሰሞን ምግብ እምቢ አለ። የእናቱን እጅ እየጎተተ ሆዱ ላይ ይጫነዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መሬት ላይ ተጠቅልሎ ላብ አጠመቀው።

«ሆዱን ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው» አለች።

እኛ ሰፈር በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። ብቻውን ከሄደ ሰው የለውም ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም ወጣን። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ከበደ ከዘራቸውን፣ ጎረቤታችን ዘይቱና ፔርሙዟን ይዘው፣ እኔም ተከተልኩ።

የሺዓለም ቀስ ብላ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ባይደክሙ… እኔና እሱ ብቻ ብንሄድ» አለቻቸው።

«ምን ሲደረግ? ሰው እንደሌለሽ?»

ከዚያ በላይ መናገር አፈረች።

የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አየንና «ሰርግ ነው እንዴ?» አለ።

«ሙሽራው ሆዱን አሞታል፤ ክፈት» አሉት ጋሽ ከበደ።

ውስጥ ገብተን አልጋውን ከበብነው። አንዱ አይዞህ ይላል፣ አንዱ ጸሎት ይደግምለታል፣ አንዱ ስልክ ያወራል። ቃለአብ ጆሮውን ያዘ። ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያላትም ጀመር። እኛም ልንረዳ ብለን እጅ እግሩን ያዝነው። ይሄኔ ባሰበት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደክሟታል። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚረብሸው?» አለች።

«አይረብሽም እኮ የኔ እመቤት። ሆዱን ነው። እዪልኝ» አለች የሺዓለም።

«እንዲህ እየሆነ እንዴት ልንካው?»

መርፌ አስወጋችው፣ ተኛ። ከተኛ በኋላ ሆዱን ጫን ጫን ብታደርገው ምንም አላለም። ምን ይበል። «ሆዱ ደህና ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰዱት» አለች።

የሺዓለም «ሲነቃ እንደገና ይታይልኝ፣ ውጪ ቁጭ ብዬም ቢሆን እጠብቃለሁ» ብላ ለመነች። አልጋ የለም ተባለች።

ተሸክመን መለስነው። ምሽት ላይ ቤቷ በጠያቂ ሞላ፣ ብርቱካን መጣ። ሁሉም «ተመስገን፣ ሰላም ተኛ» ይላል። እሷ እጇን ሆዱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ቃለአብ ነቃ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲያቃስት ይሰማኛል። የሺዓለም ነጠላዋን አጣፍታ በየበራችን ዞረች። «ተሽሎታል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ እንዳትደክሙ» አለችን። እኔንም እንደዚያው፣ ዓይኔን ሳታየኝ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ግን አልመለሰችውም፤ ሲወጡ ካየናቸው እንደ ትናንቱ አጅበን እንደምንከተል ታውቃለች። ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችና ከዘይቱና የለመነችውን የራስ ምታት ክኒን በስኳር ውሃ በጠበጠችለት።