ሳያት የዘለለቻቸው ቀኖች

ሳያት መቱ ገበያ አጠገብ፣ በአንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ፋኦል ግንበኛ ነው። የአራት ዓመት ልጃቸው ሲፋን ትምህርት ቤት እስክትገባ ሁለተኛ ልጅ ላይወልዱ ተስማምተው፣ ሳያት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ትወስድ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አልሆነችም።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ፋኦል ከመቱ ራቅ ብላ ባለችው ቡሬ የትምህርት ቤት ግንባታ ሥራ አገኘ። ሰኞ ጠዋት ይሄዳል፣ አርብ ይመለሳል። ሳያትም ባሌ ቤት ከሌለ በየቀኑ መዋጥ ምን ያደርግልኛል ብላ አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ትውጥ ጀመር። ለማንም አልተናገረችም፤ የሚነገር ነገርም አልመሰላትም።

ኅዳር ላይ፣ የወር አበባዋ ካለፈ ገና በስምንተኛው ቀን ደም አየች። ትንሽ ስለነበር ዝም አለች። በሌላው ሳምንት ቁርጠት ጨምሮ ተመለሰ። ከእምብርቷ በታች ጨምድዶ ሲይዛት የመኪናውን መርገጫ ትታ ጎንበስ ትላለች። ደሙ የሚመጣው ፋኦል ቡሬ ሲሰነብት መሆኑንም ልብ አለች።

በዚህ መሀል ሸሚዙን ስታጥብ አንድ ቁልፍ በወፍራም ጥቁር ክር ተተክሎ አገኘች። የእሷ እጅ አይደለም።

«ይሄን ማን ተከለልህ?»

«ገለኔ ናት፤ ምሳ የምንበላበት ቤት ባለቤት» አላት።

ቀለል አድርጎ መናገሩ ነው ያንገበገባት። ከዚያ ወዲያ ገለኔ ከአእምሮዋ አልወጣ አለች። ፋኦል ወጡ ጨው በዛበት ሲል የገለኔ ወጥ ትዝ ብሎት ነው ትላለች። ፈገግ ካለም ገለኔን አስቦ ነው። አንዲት ደንበኛዋ ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ስታወራ፣ «ባሏ ከውጭ በሽታ አምጥቶባት ስትደማ ከረመች» አለች። ሳያትን መርፌው ጣቷን ወጋት።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ፈነዳች። «ከቡሬ ያመጣህብኝን በሽታ እዚያው መልስ!»

«የምን በሽታ?»

«ገለኔን ጠይቃት።»

ፋኦል ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሶ ወጣ። ሰኞ የሄደው ሳይሰናበታት ነው።

ረቡዕ ሲፋንን ለጎረቤቷ ለእትዬ ሮማነወርቅ ሰጥታ፣ «ክር ልገዛ ነው» ብላ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። ለራሷ የሰፋችውን የክት ቀሚሷን፣ ነጣ ያለውን ለብሳለች፤ ገለኔ እንድታያት። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ቁርጠቱ ተነሳ። ቡሬ ወርዳ የገለኔን ቤት አጠያየቀች።

ገለኔ ሳያት ከፈራችው በላይ ቆንጆ ሆና ተገኘች። ረጅም ናት፤ ሻሽ አስራ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሳያት መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችውን ስድብ ልትጀምር አፏን ስትከፍት ሕመሙ አጎበጣት።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለች ገለኔ ቢላዋውን ጥላ። የሳያት ቀሚስ ከኋላው ደም እንደነካው አየች። የበሩን መጋረጃ ጋረደች፣ ወደ ጓዳ አስገባቻት፣ ሞዴስና የራሷን ጉርድ ሰጠቻት።

«የማን ቤተሰብ ነሽ?»

«የፋኦል ሚስት ነኝ።»

«ልብስ ሰፊዋ? ስላንቺ ሲያወራ ሰልችቶናል እኮ! ቁልፍ ብተክልለት፣ ሚስቴ ስፌትሽን ስታይ ትስቅብሻለች አለኝ።»

ሳያት አልሳቀችም። ጉርዱ መሬት ለመሬት ሲጎተትባት በገለኔ ቁመት እንኳ ቀናች።

ገለኔ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ሲስተር መንበረ የእርግዝናም የኢንፌክሽንም ምርመራ አደረገችላት፤ ሁለቱም አልተገኘባትም።

«እንክብሉን በየቀኑ ትወስጃለሽ?»

«ባሌ ሲኖር ብቻ።»

ሲስተር መንበረ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንክብሉ ባል ኖረም አልኖረም በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው የሚወሰደው። አራት ቀን ስትዘልዪ ሰውነትሽ ይዛባል፤ ደሙም ቁርጠቱም ከዚያ ነው። ስትዘልዪ ደግሞ ልታረግዢም ትችዪ ነበር። ከዛሬ ጀምረሽ ሳትዘልዪ ውሰጂ፤ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቀን ኮንዶም ተጠቀሙ። ደሙ ከበዛ ወይም ካልቆመ ግን ተመለሺ፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ዝም አይባልም።»

ገለኔ ልካበት ኖሮ ፋኦል እጁ ሲሚንቶ እንደሆነ ደረሰ። ሳያት ሁሉንም ነገረችው።

«አንድ ወር ሙሉ ስትደሚ ለእኔ አልነገርሽኝም?» አላት።

«አንተ ነህ ያመጣኸው ብዬ ነዋ።»

የእጁን ሲሚንቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ ደግሞ ሌላ ሰው ወደሽ ልታባርሪኝ ሰበብ የፈለግሽ መስሎኝ፣ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም» አላት። ሳያት ያን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው። በአንድ ሚኒባስ ወደ መቱ ተመለሱ።

እንክብሉን በየማታው ከሲፋን እራት በኋላ መዋጥ ጀመረች። ደሙ በመጀመሪያው ወር ቀነሰ፣ በሁለተኛው ቆመ፤ ቁርጠቱም ተዋት። ቅናቱ ግን በእንክብል የሚድን አልሆነም። ዘንድሮ ፋኦል ያዮ ከተማ ሥራ ሲያገኝ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «ምግብ የሚሠራላችሁ ማነው?» ብላ ነው።

«ዲንቃ የሚባል ሽማግሌ» አላት።

ረቡዕ ሄዳ አየች። እውነትም ሽማግሌ ነው፤ ምሳም አበላት።